ሁለት ልጆቹ ያባረሩት ሰው

«ልጅቷማ ምን አለባት! ያስቸገረን አባትየው ነው እንጂ።»

ይህን የሰማው የሕፃናት ማቆያው ኮሪደር ላይ፣ ከአውራ ጣቱ ብዙም የማትበልጥ ቢጫ ካልሲ በእጁ አንጠልጥሎ እንደ ቆመ ነው። ካልሲዋ ትርፍ ናት። ልጁን አስረክቦ ከወጣ በኋላ፣ መንገዱ ጥግ ላይ ሲደርስ፣ ዛሬ ወለሉ ቢቀዘቅዝስ ብሎ የተመለሰባት ናት። ትናንት የተመለሰው በኮፍያ ነበር። ከትናንት ወዲያ ደግሞ ልጅቷ ውሃ የምትጠጣው ለብ ሲል ብቻ መሆኑን ሞግዚቷ በደንብ አልሰማችኝ ይሆናል ብሎ ነበር። ሞግዚቷ አሁን በሩ ገርበብ ባለው ክፍል ውስጥ ለምግብ አብሳይዋ ነው የምታወራው። ድምጿ ክፋት የለበትም፤ ስለ አየሩ ጠባይ የምታወራ ነው የሚመስለው። «ከመጣች አራተኛ ቀኗ ነው። እሱ ሲወጣ አንድ ደቂቃ ታኮርፍና ወደ ባልዲዎቹ ትሄዳለች። ተመልሶ ብቅ ሲል ግን እሪ! ከዚያ እሷን አባብይ፣ እሱን አባብይ። የእሱንም ወርሃዊ ክፍያ መጠየቅ ነበረብን እኮ።» አብሳይዋ ስትስቅ በእጇ የያዘችው የድስት ክዳን አብሮ ተንሿሿ።

አባትየው ኩም አለ። ካልሲዋን ኪሱ ውስጥ ወሸቀና በጫማው ጫፍ እየረገጠ፣ ልክ የሰው ቤት እንደ ገባ ሌባ፣ ወደ ኋላው ወጣ።

ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። ሰፈሩ ባለላውንደሪው ይለዋል። ሚስቱ ግን ለሰው ስታስተዋውቀው «እኔ የወለድኩት አንድ ነው፤ እሱ ሁለት ልጆች አሉት» ትላለች። ታላቋ ድንቡሼ የሚሏት፣ ሁለት ዓመት ከሦስት ወር የሆናት ልጅ ናት። ታናሹ ደግሞ ላውንደሪው ነው፤ ስምንተኛ ወሩን ገና መያዙ ነው። ሚስቱ ይህን የምትለው እየሳቀች ቢሆንም ውሸት የለበትም። ሰውየው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ድምፁ ትንሽ ከተቀየረ የእጁን ጀርባ ጎኑ ላይ ያሳርፋል፤ የልጁን ግንባር ሲነካ እንደሚያደርገው ሁሉ። ሁለቱም ምን እንደሚያማቸው አይናገሩም። ሁለቱም የሚታመሙት እሑድ እሑድ፣ ሐኪሙም ጥገና ሠራተኛውም በማይገኙበት ቀን ነው። ልጅቷ የበላች ቀን «ዛሬ ሰባት ማንኪያ ሾርባ ጨረሰች» ብሎ ለሚስቱ መልእክት ይልክላታል። ልብስ የበዛ ቀን ደግሞ «ዛሬ አሥራ አንድ ሱሪ ገባ» ይላል። ሚስቱ በምትሠራበት ፋርማሲ ሰው ተሰልፎባት እያለ ስልኳን ታይና፣ ሾርባውም ሱሪውም ስለ የትኛው ልጅ እንደሆነ ሳይምታታባት «ጎበዝ» ብላ ትመልሳለች። የልጅቷ የመጀመሪያ እግር አሻራና የላውንደሪው የመጀመሪያ ደረሰኝ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን በመስታወት ተሰቅለዋል። ደረሰኙ ላይ «ሸሚዝ 1፣ ኮሌታው የቆሸሸ» ይላል።

ላውንደሪው የአንድ ፎቅ ቤት ምድር ላይ፣ በጽሕፈት መሣሪያ መደብርና በጫማ መሸጫ መካከል ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ማጠቢያ፣ አንድ ማድረቂያ፣ ከጣሪያው የወረደ የልብስ መስቀያ ብረት፣ በስተጥጉ ደግሞ በብርድ ልብስ የተጀቦነ የካውያ ጠረጴዛ አላት። በሩ አጠገብ የዋጋ ዝርዝር ተለጥፏል። ሸሚዝ ሠላሳ፣ ሱሪ ሠላሳ አምስት፣ ሙሉ ልብስ መቶ ሃያ፣ ብርድ ልብስ «በስምምነት»። ከካውያው ጀርባ የምትቆመው ሴት ተኳሿ ትባላለች። ሃያ ሁለት ዓመት በአንድ ትልቅ ሆቴል ምድር ቤት ውስጥ የሰው ልብስ ስትተኩስ ኖራለች። ስሙ ከካውያ የመጣ መሆኑን የማያውቅ ሰው ይደነግጣል። አንድ ጊዜ ባለላውንደሪው በስልክ «አይዞህ፣ ተኳሿ መጥታለች፣ አሁን ትጨርሰዋለች» ሲል የሰማ አዲስ ደንበኛ ሱሪውን ጥሎ ሊሄድ ምንም አልቀረውም ነበር። ሴትየዋ ግን ዝምተኛ ናት። ወፍራም ክንዶች፣ ትንሽ ዐይኖችና የእንፋሎት ቃጠሎ የማይሰማቸው ጣቶች አሏት። ስትሠራ አታወራም፤ ስታወራ ደግሞ ካውያውን ታስቀምጣለች። ካውያ ሲቀመጥ ባለላውንደሪው ልቡ ድንግጥ ይላል፤ ነገር መጣ ማለት ነውና።

የዚያን ቀን ጠዋት ሲገባ ሰላምታውን ሳይጨርስ ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ቀኑ ተራ ቀን አልነበረም። ሁለት መንገድ ተሻግሮ ያለው ባለ ሃያ ስድስት አልጋ የእንግዳ ማረፊያ፣ አንሶላና ፎጣውን የሚያጥብለት ቤት እየፈለገ ነው። ሥራ አስኪያጇ ትናንት በአንድ ከረጢት ለሙከራ ሁለት አንሶላ፣ አራት የትራስ ልብስና አንድ ነጭ የጠረጴዛ ልብስ አስልካለች። ዛሬ በስምንት ሰዓት ራሷ መጥታ ልታይ ነው። ይህን ሥራ ካገኘ፣ ላውንደሪው ወር በመጣ ቁጥር ሲንገዳገድ ከመኖር ወጥቶ በሁለት እግሩ ይቆማል። ካላገኘ ደግሞ፣ ያንን ማሰብ አይፈልግም። ስለዚህ የትራስ ልብሶቹን አንድ በአንድ ወደ መብራቱ ከፍ እያደረገ አያቸው። አንሶላውን አሸተተ። የካውያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ ትንሽ ወደ ቀኝ አዞረው። ተኳሿ ምንም ሳትል ወደ ግራ መለሰችው። ሻይ አፍልቶ አመጣላት፣ ቀዝቅዞ እንደሆነ ጠየቃት፣ ስኳሩ በዝቶ እንደሆነ ጠየቃት፣ ስፌቱን በየት በኩል መተኮስ እንደምትጀምር ጠየቃት። ሃያ ሁለት ዓመት ስፌት ስትጀምር የኖረችው ሴት ካውያውን አስቀመጠች።

«ልጄ» አለችው፣ «ወይ አንተ ተኩስ፣ ወይ እኔ ልተኩስ።»

«እኔ ምን አልኩ እትዬ? እርስዎ ደክሞዎት እንደሆነ ብዬ እንጂ፤ ቢያንስ የጠረጴዛውን ልብስ እኔ ልያዝልዎት።»

 ተኳሿም፣ ልጅ ሲያስቸግር አንድ ማንኪያ ሰጥተው ጥግ እንደሚያስቀምጡት፣ ትርፉን ካውያና የጠረጴዛውን ልብስ ሰጥታ ሌላው ጥግ አስቀመጠችው። እሱም ከልቡ ተያያዘው። ከዳር ጀምሮ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ዳር። እውነት ለመናገር ሥራው አያስጠላም ነበር፤ መሐሉ ላይ ሲደርስ ግን ስልኩ ጮኸ። ማቆያው ነው ብሎ፣ በአንድ እጁ ካውያውን እንደያዘ፣ ስልኩን ከኪሱ መዘዘ። ሚስቱ ናት።

«ከማቆያው ደውለውልኝ ነበር» አለችው።

«ወደቀች እንዴ?»

«አልወደቀችም። ደህና ናት።» ከዚያ ዝም አለች። ከኋላዋ የመድኃኒት ቤቱ በር ሲከፈትና ሲዘጋ፣ አንድ ሰው ሲያስል ይሰማል። በትዳር ስድስት ዓመት የኖረ ሰው ዝምታን ያነባል፤ ይሄኛው ዝምታ «እንዳላስከፋህ ቃል እየመረጥኩ ነው» የሚል ነበር። እሱም ዝም አለ፤ የእሱ ዝምታ ደግሞ «አውቀዋለሁ፣ ሰምቼዋለሁ፣ አትንገሪኝ» ነበር። ሁለቱም እንዲያ ስልካቸውን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ቆዩ። በመጨረሻ «ከነገ ጀምሮ ፈቃድ ጠይቄ እኔ ላድርሳት?» አለችው ቀስ ብላ። መልስ ሊሰጣት አፉን ሲከፍት ነው ሽታው አፍንጫው የገባው።

ተኳሿ ከጥግ ወደ ጥግ በሁለት እርምጃ ደረሰች። ካውያውን ከእጁ የወሰደችው፣ ቢላ ከያዘ ሕፃን እጅ ቢላውን ቀስ አድርጎ እንደሚወስድ ሰው ነው። ነጩ የጠረጴዛ ልብስ መሐሉ ላይ፣ እንግዳ ሲቀመጥ ሳህኑን የሚያኖርበት ቦታ ላይ፣ ቡናማ የካውያ ቅርጽ ፊጥ ብሎ ተቀምጧል። ጫፉ ሹል፣ ታቹ ሰፋ ያለ፣ ተስሎ እንኳን እንዲህ አያምርም።  ስልኩ ውስጥ ሚስቱ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች።

«አለቃ» አለች ተኳሿ። አለቃ የምትለው ስትቆጣ ብቻ ነው። «ውጣ።»

«እትዬ፣ ሴትየዋ በስምንት ሰዓት…»

«ስምንት ሰዓት ላይ ተመለስ። እስከዚያ ግን ክር ግዛ፣ ፀጉርህን ተስተካከል፣ ዘመድ ጠይቅ። እኔ እንጃ! እዚህ ብቻ እንዳላይህ።»

በገዛ ቤቱ ተባሮ መንገድ ላይ ቆመ። አራት ሰዓት አልሞላም። በሥራ ቀን በዚህ ሰዓት እጁን አጣጥፎ የቆመበትን ጊዜ ማስታወስ አቃተው። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ቦታ ይሄዳል፣ እሱ ብቻ የሚሄድበት የለውም። ለሚስቱ ደውሎ «ነገ እኔው አደርሳታለሁ፤ አንድ ዕድል ስጪኝ» አላት። እሷም «እሺ» አለችና ቅድም ምን ሆኖ ድምፁ እንደጠፋ ጠየቀችው። «ምንም» አለ። እንዲህ እያለ እግሩ ሳያማክረው ወደ ማቆያው መራው። ከፊት ለፊት እንዳይታይ በጀርባ በኩል ባለው ጠባብ መንገድ ዞረ። አጥሩ ከፍ ያለ የድንጋይ ግንብ ነው። ሥሩ ላይ አንድ የተረሳ ብሎኬት አግኝቶ ወጣበትና ዐይኑን ብቻ ከግንቡ በላይ አደረገ።

ድንቡሼ አሸዋው መሐል ነበረች። ቀይ ባልዲ ይዛለች። ከእሷ በቁመት የሚበልጥ አንድ ልጅ ባልዲውን ሊቀማት ይጎትታል፤ እሷም ትጎትታለች። ልጁ ድንገት ሲለቅላት ከነባልዲዋ በጀርባዋ ዘፍ አለች። የአባትየው አንድ እግር ግንቡን ለመዝለል ተነሣ። ልጅቷ ቀና ብላ ተቀመጠች። አፏን ለለቅሶ አዘጋጀች፤ ያቺን የታችኛዋን ከንፈር ጣል አደረገች፣ እሱ በሌሊት ሕልሙ ሁሉ የሚያውቃትን። ወደ ቀኝ አየች፤ ማንም የለም። ወደ ግራ አየች፤ ሞግዚቷ ለሌላ ልጅ ጫማ ታስራለች። የሚያያት ሰው አለመኖሩን ካረጋገጠች በኋላ ከንፈሯን መልሳ ሰበሰበች፣ ቂጧን አራገፈች፣ ባልዲዋን አንሥታ ሥራዋን ቀጠለች። ልክ ጉዳይ እንዳለባት ትልቅ ሴትዮ።

«አንተ! እዚያ ምን ትሠራለህ?»

ከብሎኬቱ ሊወድቅ ነበር። የጎረቤቱ ሕንፃ ዘበኛ ዱላውን ይዞ ከኋላው ቆሟል።

«ልጅ… ልጄን…»

«ልጅ ልትሰርቅ!»

«ኧረ በፈጠረህ፣ የራሴን ልጅ እያየሁ ነው!»

«የራሱን ልጅ የሚያይ ሰው በበር ነው የሚገባው።»

«በበሩማ ሰልችቻቸዋለሁ» አለ ሰውየው፤ እንባ እንባ አለው፣ ሳቅ ሳቅም አለው። ዘበኛው ከላይ እስከ ታች መረመረው። የሰው ልጅ የሚሰርቅ ሰው ቢጫ ካልሲ ከኪሱ አይንጠለጠልበትም ብሎ ይሆናል፣ ዱላውን ዝቅ አደረገ። «እኔ አራት አሉኝ» አለው። «እስከ ዛሬ አንድ ቀን አጥር ላይ አልተሰቀልኩም። አሁን አንዷ ባቡር ላይ ተቀጥራ ቲኬት ትቆርጣለች። በል ውረድ፣ ሰው ቢያይህ ለእኔም ጥሩ አይደለም።» ብሎኬቱንም በእግሩ ገፋ አድርጎ ከግንቡ ሥር አራቀው።

በዘበኛ ፊት የተዋረደ ሰው የሚሄደው ወደ እናቱ ቤት ነው። እናቱ የምትኖረው በአንድ አውቶቡስ መንገድ ርቀት፣ ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ ባላት ቤት ውስጥ ነው። ግቢው ውስጥ አባቱ ከሞተ ጀምሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ሸራ ለብሳ የቆመች ሰማያዊ መኪና አለች። ዛሬ ግን በሩን ከፍቶ ሲገባ ሸራው በሥርዓት ተጣጥፎ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። መኪናዋ ታጥባ ታብረቀርቃለች፤ ጎማዎቿ ተነፍተዋል። እናቱ የሸራ ጫማ አድርጋ፣ ሻርፗን አገጯ ሥር ጥብቅ አድርጋ አስራ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ ደረጃው ላይ ተቀምጣለች።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው በዚህ ሰዓት? ልጅቷ ደህና ናት?»

«ደህና ናት እማዬ። ልጠይቅሽ ብዬ ነው።»

«ዛሬ?» አለችና ሰዓቷን አየች። «የኔ ጌታ፣ እኔ እኮ ልወጣ ነው። ድስቱ ውስጥ የድንች ሾርባ አለ፤ ዳቦም አለ። ብላና ስትወጣ በሩን ሳበው።»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

መልስ ከመስጠቷ በፊት ከውጭ ክላክስ ጮኸ። በሩ ላይ ጣሪያዋ ላይ «ለማጅ» የሚል ሰሌዳ የተሰካባት ነጭ መኪና ቆማለች። ከውስጥ አንድ ጎረምሳ አስተማሪ «እናቴ፣ ዛሬ ዳገት ላይ መነሣት ነው!» ሲል ይጣራል።  እናቱ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው።

«ሦስተኛ ሳምንቴ ነው» አለችው፣ ዐይኑን ሳታይ ቦርሳዋን እየዘጋች።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ኋላ ወንበር ላይ ትቀመጥ ነበራ።»

 ሁለቱም ሰማያዊዋን መኪና ያዩ ጀመር። አባቱ እናቱን በሄደችበት ሁሉ ያደርሳት ነበር፤ ገበያ፣ ሐኪም ቤት፣ እህቷ ጋ። ደጅ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ይጠብቃት ነበር። ልጁ ይህን ሲያስታውስ የሚታየው የእናቱ ዘንቢል ጭኗ ላይ፣ ዐይኗ የመስኮቱ መስታወት ላይ ነው። «አባትህ ደግ ሰው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ግን አንድ ቀን እንኳ መሪውን አላስነካኝም። በክፋት እንዳይመስልህ። መውደድ መስሎት ነው።» ከዚያ ክላክሱ እንደገና ጮኸና «መጣሁ!» ብላ፣ ከዕድሜዋ ሃያ ዓመት የቀነሰች እስኪመስል እየተንደረደረች ወጣች። ለማጇ መኪና ሁለት ጊዜ እንደ በግ ዘለል ዘለል አለች፣ ጠፋች፣ እንደገና ተነሣች፣ ከዚያ በቀስታ ጥጉን ዞረች። ልጇ በሩ ላይ ቆሞ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ አየር ይረግጥ ነበር። ከዚያ ሾርባውን ቆሞ በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ በሩን ሳበ።

ላውንደሪው ጋ የደረሰው ስምንት ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው። መንገድ ላይ የሚለውን ሁሉ አዘጋጅቷል። የጠረጴዛውን ልብስ ደብቆ፣ «ገና አልደረቀም» ሊል፤ ነገ በራሱ ገንዘብ አምሳያውን ገዝቶ ሊተካ። ሲገባ ተኳሿ ብቻዋን ናት፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ የቀዘቀዘውን የጠዋት ሻይ ትጠጣለች። ተቀምጣ አይቷት አያውቅም።

«ሄደች» አለችው።

«ማን?»

«ሥራ አስኪያጇ። ሰባት ሰዓት ላይ መጣች፤ በስምንት ስብሰባ አለኝ ብላ።»

ሰውየው ግድግዳውን ተደገፈ። ተኳሿ የምትተርክ ሴት አይደለችም፤ ያን ቀን ግን ተረከች፣ ሻይዋን በየመሐሉ ፉት እያለች። ሴትየዋ ቀጭን ናት፣ መነጽሯን በገመድ ደረቷ ላይ ያንጠለጠለች። መነጽሯን አድርጋ አንሶላውን ገልብጣ ስፌቱን አየች። የትራሱን ልብስ አሸተተች። «ጥሩ» እንኳ አላለችም። ከዚያ «አንድ የጠረጴዛ ልብስ ነበረኝ» አለች።

«እና?» አለ ባለላውንደሪው።

«ዘርግቼ አሳየኋት።»

«እትዬ!»

«ምን ላድርግ፣ ልብላው? ‹ይህን ያቃጠለው ማነው?› አለችኝ። ‹አለቃዬ› አልኳት። ‹አሁን የት አለ?› አለች። ‹አባረርኩት› አልኳት።»

ሴትየዋ መነጽሯን አወለቀች አለች ተኳሿ። መጀመሪያ የተቆጣች መስሏት ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየች፤ እየሳቀች ነው። ጠረጴዛውን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «እኔም የኔን አለቃ እንዲህ የማባርርበት ቀን ናፈቀኝ» አለች። ከዚያ ሳቋን ጠራርጋ ወደ ቁም ነገሩ ገባች። ጠዋት የሚመጣው አንሶላ ማታውኑ እንዲመለስላት ትፈልጋለች። ተኳሿም አይሆንም አለቻት።

«አይሆንም አሏት?» ድምፁ ቀጠነ። እሱ ቢሆን ኖሮ «ከፈለጉማ በቀትር እናደርሳለን» ይል እንደነበር ራሱን ያውቀዋል።

«‹የዛሬ ጠዋቱ በነገው ጠዋት› አልኳት። ‹ማታ ከፈለግሽ ግን እርጥቡን ትወስጃለሽ፤ እንግዶችሽም ይበርዳቸዋል።› ሦስት ላውንደሪዎች ይሆናል ብለዋት ሦስቱም አላደረጉትም አለች። የማይችለውን አልችልም የሚል ቤት ስትፈልግ ነው የቆየችው። ለአንድ ወር ሙከራ ሰጥታናለች። የጠረጴዛው ልብስ ዋጋ ካንተ ነው።»

ሰውየው ሊያቅፋት እጁን ዘረጋ፤ ተኳሿ የሻይ ብርጭቆውን አስያዘችው። ደስታው ልቡን ሞልቶታል፤ ከደስታው ሥር ግን አንዲት ትንሽ ነገር እንደ እሾህ ትወጋዋለች። ያለ እሱ ነው የሆነው። ላውንደሪው የመጀመሪያ እርምጃውን ሲረግጥ እሱ በሌላ ሰፈር የድንች ሾርባ ይበላ ነበር።

«የመጀመሪያው ከረጢት ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይመጣል» አለች ተኳሿ። «አንተ ልጅህን ማቆያ የምታደርሰው በሁለት ነው። ሚስትህ በማለዳ ትወጣለች። ስለዚህ ቁልፍ ስጠኝ።»

የላውንደሪው ቁልፍ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከቀበቶው ጋር ታስሯል። በስምንት ወር ውስጥ ከእሱ ሌላ ያንን በር የከፈተ ሰው የለም። ብዙ ነገር በጭንቅላቱ ውስጥ አለፈ። ውሃ ሲፈስ፣ ገመድ ሲቃጠል፣ የአንዱ ሱሪ ለሌላው ሲሰጥ። «የማሽኑ ማብሪያ አንዳንዴ እንቢ ይላል፣ ሲነኩት ቀስ ብለው…» ማለት ጀመረ።

«ልጄ» አለች ተኳሿ፣ ካውያውንም አንሥታ። «ስምንት ወር ሙሉ የማበራው እኔ ነኝ።»

በአሥራ አንድ ሰዓት ድንቡሼን ሊወስድ ሄደ። ሞግዚቷ እሷን ስታስረክበው ዐይን ለዐይን ላለመተያየት ሁለቱም የልጅቷን ጫማ ያዩ ነበር። «ነገ ፈጠን ብዬ እሄዳለሁ» አላት ድንገት፣ ጆሮው እየቀላ። «እንደሱ ቢሆን ለእሷም ይሻላል፣ አባቷ» አለችው እሷም፤ የሰማ መሆኑ ገብቷት እሷም ቀላች። ልጅቷ አንድ ጆሮዋ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል። ምን ሠርተሽ ዋልሽ ሲላት «ሥራ» አለችው። ከዚህ በላይ ሊያወጣጣት ቢሞክርም አልሆነለትም።

እየተከራከሩ፣ እሱ ልሸከምሽ እሷ ልሂድ እያሉ፣ የቁልፍ ቀራጩ ኪዮስክ ጋ ደረሱ። ማሽኑ ብረቱን ሲበላ የሚረጨው ብልጭታ ልጅቷን ከሳቋ ብዛት አስቀመጣት። «ድገመው!» ትላለች፣ ሰውየውም ለእሷ ሲል በባዶው አስጮኸላት። ቀራጩ አዲሱን ቁልፍ በልብሱ ጠርጎ ሲሰጠው «ይሄ ሁለት ሦስት ቀን ያስቸግራል» አለው። «እስኪለምድ ነው። እንቢ ካለ ዘይት ቀባ አድርገው፣ አትታገለው።»

ላውንደሪው ሊዘጋ ሲል ደረሱ። ሰውየው ሁለቱን ቁልፎች መዳፉ ላይ አድርጎ ጥቂት ቆመ። አንዱ አዲስ፣ ቢጫና ሹል ነው፤ ሌላው ጥርሱ የለሰለሰ፣ ከጣቶቹ ጋር የተዋወቀ። የድሮውን ለተኳሿ ሰጣት።

«አሳስተህ ነው፤ ይሄ የራስህ ነው» አለችው።

«አይ፣ እሱ አያስቸግርም።»

ተኳሿ ቁልፉንም እሱንም አየች። መሐረቧን አውጥታ ቁልፉን ጫፉ ላይ ሁለት ጊዜ ቋጠረችውና የጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተችው። ለድንቡሼም አንድ የልብስ መቆንጠጫ ሰጠቻት።

በማግስቱ ጠዋት ልጁን ሞግዚቷ እጅ ላይ አስቀመጠ፣ ግንባሯን ሳመ፣ ዞረ። ልጅቷ እሪ አለች። እስከ በሩ ድረስ እግሩ የሌላ ሰው ይመስል ከበደው፤ ቢሆንም ሄደ። የመንገዱ ጥግ ላይ ሲደርስ ለቅሶው ቆመ። ዝምታው ከለቅሶው ባሰበት። ቢሆንም ሄደ።

የላውንደሪው በር እንደ ተዘጋ ነው፤ ከላይ ባለችው ትንሽ መስኮት ግን እንፋሎት ይወጣል። ከውስጥ የማሽኑ ድምፅ ይሰማል፤ ከማሽኑ በላይ ደግሞ ተኳሿ ስታንጎራጉር። እንደምትዘፍን አያውቅም ነበር። አዲሱን ቁልፍ ከተተ። እንቢ አለ። ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሞከረ፣ ዘይት እንዳልገዛ ትዝ አለው። አንኳኳ።

«ማነው?»

«እኔ ነኝ!»

«ማሽኑ ይጮኻል፣ አይሰማም! ገና ነን፤ ሁለት ተኩል ላይ ተመለሱ!»

እንደገና ሊያንኳኳ እጁን አነሣ። ከዚያ እጁን አወረደና ደረጃው ላይ ተቀመጠ። ጠዋቱ ደስ ይላል፤ የጽሕፈት መሣሪያ መደብሩ ሰውዬ ደጁን እየጠረገ ነው። ጥቂት ቆይቶ አንድ ካፖርት በክንዱ ያንጠለጠለ ሽማግሌ መጣና በሩን ገፋ ገፋ አደረገ።

«አልከፈቱም እንዴ?»

«ሁለት ተኩል ላይ ነው አሉ» አለው ባለላውንደሪው፣ ጎኑ ቦታ እየለቀቀለት።

ሽማግሌው ካፖርቱን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ኮሌታው ላይ ያለችውን እድፍ በጣቱ አሸት አሸት አደረገና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀው፦ «ሥራቸው እንዴት ነው? ይታመናሉ?»

ባለላውንደሪው ወደ እንፋሎቱ ቀና ብሎ አየ፤ ጥያቄው ከባድ ነበር፣ በእውነት መመለስ ፈለገ።

«እኔ ካልገባሁባቸው» አለ፣ «በጣም ጎበዞች ናቸው።»